የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሕግ ማሻሻያና የጥናት ድርሻ

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው በ2011 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ለአሥር ዓመታት ያህል ሲሠራበት የቆየውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 የተካ ሲሆን፣ ረቂቁ ከመዘጋጀቱ አስቀድሞ ነባሩ ሕግ በሥራ ላይ ያስከተለው ውጤት በጥናት የተፈተሸበት መሆኑ ለሕግ አርቃቂዎችም ሆነ ለአስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ሊጠቀስ የሚገባው ያደርገዋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ድርጅቶችን የኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪዎችና የውጭ በሚል በሦስት ይከፍል ነበር። በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታትና በፍትሕ አገልግሎት ዙሪያ መሥራት የተፈቀደው ለመጀመሪያው ምድብ ብቻ ሲሆን፣ በዚህ ምድብ ለመታቀፍ ከውጭ ምንጭ የሚገኝ ገቢ ከጠቅላላው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቅ ነበር። በተጨማሪም ማንኛውም ድርጅት ለአስተዳደር የሚያውለው ወጪ ከ30 በመቶ እንዳያልፍ ተደንግጓል።

ድንጋጌው የነካው የድርጅቶቹን በጀት ብቻ አልነበረም። ሕግ አውጪው ስለ ሕጎች አፈጻጸም መረጃ የሚያገኝበትን አንዱን ምንጭም አጥብቧል። ለዚህ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥሩ ማሳያ ነው። ማኅበሩ በነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎቱ የሚያጋጥሙትን ጉዳዮች መነሻ በማድረግ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ሴቶችን የሚጎዱ ድንጋጌዎችን ሲያጠናና እንዲሻሻሉ ሲወተውት ቆይቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለሴቶች 15 ዓመት የነበረውን ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ እንደ ወንዶቹ ወደ 18 ከፍ ሲያደርግና ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ የነበረውን ድንጋጌ ሲያስቀር፣ ከኋላው ይህን የመሰለ ሥራ ነበር። የ2001ዱ አዋጅ ከወጣ በኋላ ግን የማኅበሩ የገቢ ምንጭ ተዳክሞ አገልግሎቱ በእጅጉ ቀንሷል። ባለጉዳይ የማይመጣበት ቢሮ የሚያቀርበው መረጃም እንደማይኖረው ግልጽ ነው።

ሕጉን የማሻሻል ሥራ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. በፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ሲቋቋም ነው። (የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥልጣንና ተግባር በ2014 ዓ.ም. ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር መተላለፉ ይታወቃል።) የጉባኤው አባላት ከመንግሥት መዋቅር ውጭ የሚገኙ የሕግ ባለሙያዎችን ያካተቱ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የሕግ መስክ የሥራ ቡድን ተዋቅሮ ነበር። የሲቪል ማኅበረሰብ ሕግን የያዘው ቡድን በቀጥታ ወደ ማርቀቅ አልገባም። በቅድሚያ ነባሩን ሕግ ፈትሿል፤ ቀጥሎ ረቂቁ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ለውይይት ቀርቧል።

ከፍተሻው ጠቃሚ ትምህርቶች አንዱ ችግሩ በአዋጁ ብቻ ሳይወሰን በመመሪያም ውስጥ የሚገኝ መሆኑ ነው። የ30 በመቶው ጣሪያ ሲነበብ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ለተረጂ የመጣ ገንዘብ በቢሮ ወጪ እንዳያልቅ መከላከል ተገቢ ነውና። ይሁንና የትኛው ወጪ አስተዳደራዊ እንደሆነ የሚወስነው በ2003 ዓ.ም. በኤጀንሲው የወጣው መመሪያ ነበር። በዚሁ መመሪያ መሠረት ለመስክ ጉዞ፣ ለክትትልና ግምገማ የመሳሰሉ ከፕሮጀክት ሥራ የማይነጠሉ ወጪዎች በአስተዳደር ወጪ ይመደቡ ስለነበር፣ ሥራቸው በአመዛኙ ሥልጠናና የባለሙያ ድጋፍ የሆነ ድርጅቶች ጣሪያውን ሳይፈልጉ ያልፉ ነበር። የአዋጁን ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ አጥኚ ይህን አያገኘውም፤ የሒሳብ ሠራተኛውን መጠየቅ ያስፈልገዋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለዚህ የሰጠው መልስ በቅድሚያ ሲታይ ተቃራኒ ይመስላል። ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። ነገር ግን የአስተዳደር ወጪን ትርጉም ለመመሪያ ሳይተው በአዋጁ ውስጥ አስፍሮ፣ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዙና ድርጅቱ በሕልውና እንዲቀጥል የሚያስፈልጉ ወጪዎች ብቻ እንዲሆኑ ወስኖታል። ቁጥሩ ሲቀንስ ጫናው የቀለለው በዚህ ምክንያት ነው። በገንዘብ ምንጭ ላይ የተመሠረተው ገደብና የሦስትዮሽ ምድቡም ቀርተው፣ ድርጅቶች አገር በቀልና የውጭ ተብለው ብቻ እንዲለዩ ተደርጓል። በነባሩ ሕግ በቦርዱ ውሳኔ ላይ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት የሚችሉት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ ይህ ልዩነትም ተነስቷል። ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር የተያያዙ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲሻሻሉ ሐሳብ የማቅረብ መብትም በአዋጁ ሰፍሯል። በአንጻሩ የውጭ ድርጅቶች በምርጫ ታዛቢነትና በመራጮች ትምህርት እንዳይሳተፉ ተከልክሏል።

የፖሊሲ ምርምር በዚህ መልክ ብቻ የሚካሄድ አይደለም። የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩትና የፖሊሲ ጥናትና ምርምር ማዕከል ተዋህደው የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ሆነዋል። የቋሚ ተቋም ጥቅም ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ መያዙ ሲሆን፣ የአማካሪ ጉባኤው ዓይነት ጊዜያዊ ቡድን ደግሞ ለአንድ የተወሰነ ሕግ በፍጥነት ይደርሳል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከመመሪያ ጋር የተያያዘው ጉዳይ በአንድ ዘርፍ ሕግ ብቻ የሚያበቃ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡና የጸደቀውን መመሪያ አስመዝግበው ይፋ እንዲያደርጉ ግዴታ ጥሏል። ስለሆነም የወጪ አመዳደብን የመሰለ ዝርዝር ጉዳይ የሚወስን የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ መመሪያው የሚነካቸውን ወገኖች አስተያየት መስማት ያለበት ረቂቁ ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።