የኮብሌንትዝ መዝገብና የጦርነቱ ጎማ

በ1800 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የከዋክብት ተመራማሪው ዊልያም ሄርሼል በእንግሊዝ አገር የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ የሙቀት መለኪያ አኖረ። ከቀዩ ወሰን ውጭ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ፣ ሙቀቱ ከሁሉ በልጦ ተገኘ። ኢንፍራሬድ የሚባለው ይህ ጨረር ነው።

ለኬሚስትሪ ያለውን ጥቅም በሰፊው የገለጠው ግን አሜሪካዊው ዊልያም ኮብሌንትዝ ነው። መስተዋት አብዛኛውን ጨረር ስለሚውጥ ፕሪዝሙ ከጨው የተሠራ ነበር፤ ያው ወጥ የምናጣፍጥበት ጨው መሆኑ ነው። ነጥብ በነጥብ እየለካ ከ100 የሚበልጡ ውሑዶችን መርምሮ በ1905 አሳተመ። ካገኘውም ዋነኛው፣ አንድ ዓይነት የአቶሞች ቡድን በየትኛውም ውሑድ ውስጥ ቢገኝ በዚያው የሞገድ ርዝመት አካባቢ ጨረሩን መዋጡ ነው።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ ብዙ ዘመን ፈላጊ አጣ። ኬሚስቶቹን ሰነፎች ናቸው ማለት ይቀላል፤ በእኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ነበር፤ አንዱን ናሙና መለካት ብዙ ሰዓት ይፈጃልና። ሁኔታውን የለወጠው ጦርነት ነው። ጃፓን በ1942 የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጎማ ዛፍ እርሻ ስትይዝ፣ አሜሪካ ጎማን በፋብሪካ ለመሥራት ተገደደች፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ቡታዳይን ፈጥኖ የሚመረምር መሣሪያም ተፈለገ። የቤክማን ኩባንያ በዚያው ዓመት ሠራው። ኮብሌንትዝ ይህን ለማየት በቅቷል፤ ያረፈው በ1962 ነው።