ሞገድ ላይ መቆምን ማን አስተማረ?

ብዙዎቻችን ‹‹ሰርፍ ማድረግ›› የሚለውን መጀመሪያ የሰማነው ኢንተርኔት ቤት ነው፤ ደቂቃው እየተቆጠረብን፣ ገጹ እስኪከፈት አፍጥጠን ስንጠብቅ። ቃሉ ከባሕር የተወሰደ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ‹‹ባሕር የሌላችሁ ልጆች ስለ ሞገድ ምን አገባችሁ?›› ትሉን ይሆናል። እኛን የሳበን ከጨዋታው ይልቅ አስተማሪዎቹ ናቸው። አገራቸውን እየተነጠቁ፣ የቀራቸውን ዕውቀት ለባዕድ እያስተማሩ እንጀራ የበሉ ሰዎች ናቸውና።

በሃዋይ ደሴቶች ሞገድ መጋለብ የሁሉም ነበር፤ የወንዱም የሴቱም፣ የመኳንንቱም የተራውም ሰው። የሚለየው ሳንቃው ነው። ‹‹ኦሎ›› የሚባለው ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ዊሊዊሊ ከተባለ ቀላል እንጨት የሚጠረብ የመኳንንት ሳንቃ ነበር። ‹‹አላያ›› ደግሞ አጠር፣ ሳሳ ያለ ሆኖ ብዙኃኑ የሚጋልበው ነው። ቦርድ የሚመረጠው እንደ ማዕረግ ነበር ማለት ነው። የሹሙ የአብነር ፓኪ ሳንቃዎች ሆኖሉሉ በሚገኘው ቢሾፕ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ወደ እነሱ እንመለሳለን።

ካፒቴን ኩክ በ1778 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ደሴቶቹን ከረገጠ በኋላ ከውጭ የገባው በሽታ ሕዝቡን ፈጀው። በ1890ው ቆጠራ ክልሶችን ጨምሮ የተገኙት የሃዋይ ተወላጆች ወደ 40 ሺህ ብቻ ነበሩ። ሰርፊንግን ያጠፉት ሚስዮናውያን ናቸው የሚል ወሬ አለ። ጫና ማሳደራቸው እውነት ነው፤ ግን ጋላቢው ራሱ ካለቀ ማን ይጋልብ? በ1893 ንግሥት ሊሊዩኦካላኒ ከዙፋናቸው ተገለበጡ፤ በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች።

ጆርጅ ፍሪዝ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። በ1883 ሆኖሉሉ ተወለደ፤ በእናቱ በኩል የሃዋይ ደም አለው። በ1907 ደራሲው ጃክ ለንደን ዋይኪኪ ላይ ሲጋልብ አየውና ጻፈለት። በዚያው ዓመት ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ፤ የባቡርና የመሬት ከበርቴው ሄንሪ ሀንቲንግተንም ሬዶንዶ ቢች ላይ ትርዒት እንዲያሳይ ቀጠረው። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ሰው በባቡር ይመጣል፣ ቆሞ ያያል፣ ምናልባትም ቦታ ይገዛል። ፍሪዝ ግን ትርዒት በማሳየት ብቻ አልተወሰነም። ዋናተኞችንና የባሕር ዳርቻ ነፍስ አዳኞችን አሠለጠነ፤ በታኅሣሥ 1908 ቬኒስ በምትባለው የካሊፎርኒያ ዳርቻ በማዕበል የተያዙ ዓሣ አጥማጆችን አወጣ፤ ለዚህም የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። በ1919፣ በ35 ዓመቱ፣ እኛ ዘንድ ‹‹የኅዳር በሽታ›› የተባለው ያው ኢንፍሉዌንዛ ገደለው።

ከእሱ በኋላ ስሙ የገነነው ዱክ ካሃናሞኩ ነው። በ1912 ስቶክሆልም ላይ በ100 ሜትር ነፃ ዋና ወርቅ ወሰደ፤ በ1914 መጨረሻ ወደ ሲድኒ ሄዶ ሳንቃ ከእንጨት ራሱ ጠርቦ ፍሬሽዋተር ዳርቻ ላይ ጋለበ። ዋናተኛው ጋላቢ መሆኑ አይገርምም። ጥናቶች የተወዳዳሪዎችን ሰዓት ሲቆጥሩ፣ ግማሽ ያህሉ የሚያልፈው በደረት ተኝቶ በእጅ በመቅዘፍ ነው፤ ሞገዱ ላይ ቆሞ የሚታለፈው ጊዜ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ጂም ቤት ደረታችሁን የምትነፉ ወንድሞቻችን፣ ይህ ስፖርት የሚፈልገው ትከሻ፣ ጀርባና ትንፋሽ ነው። ከዚያ በአንዲት ቅጽበት ከደረት ወደ እግር ብድግ ማለት። መስታወት ፊት የሚታይ ነገር የለውም።

አሁን ወደ ሙዚየሙ። ቶም ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ በ1920ዎቹ የፓኪን ሳንቃዎች አጥንቶ አምሳያቸውን ሠራ፤ ክብደቱን ለመቀነስም በቀዳዳ በሳሳው። ከዚህ ተነስቶ ውስጡ ባዶ የሆነ ቦርድ ፈጠረ፤ በ1935 ከሥሩ የዓሣ ክንፍ የመሰለ ነገር ገጠመለት፤ ቦርዱም ወደ ጎን መንሸራተቱን ተወ። በ1950ዎቹ ፎም መጣ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቦርዱ በድንገት አጠረ፤ በ1980 አውስትራሊያዊው ሳይመን አንደርሰን ሦስት ክንፍ አደረገለት። አጭሩ ፈጥኖ ይታጠፋል፤ ግን ሰውየውን በደንብ አያንሳፍፈውም፤ ለማስነሳትም ብርቱ ቀዘፋ ይጠይቃል። ጀማሪው የሻምፒዮኑን ቦርድ ይመኛል፤ አሠልጣኙ ግን ረጅም፣ ሰፊ፣ ለስላሳ ፎም ያቀብለዋል። ረጅሙ ሳንቃ፣ ያኔ የመኳንንት የነበረው፣ ዛሬ የተማሪ ሆኗል!

ሰርፊንግ ኦሊምፒክ የገባው በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር ነው። የሴቶቹን የመጀመሪያ ወርቅ የወሰደችው ካሪሳ ሙር የሃዋይ ተወላጅ ናት፤ ከሆኖሉሉ። በፕሮፌሽናል ውድድሮች ከስሟ ጎን ይቀመጥ የነበረው የሃዋይ ባንዲራ ነው። ቶኪዮ ላይ የተሰቀለላት የአሜሪካ ነበር።