ባዶ እና ዜሮ

ባለፈው ክረምት ሀዋሳ ፒያሳ፣ ሁሌ የምቀመጥበት ካፌ ጥግ ላይ ሆኜ የጀርመን ማዘጋጃ ቤቶችን ዳታ እያጸዳሁ ነበር። ሥራው ያሰለቻል። ከ10,000 በላይ መስመር አለው፤ ለእያንዳንዱ ባለ 8 አኃዝ መለያ ቁጥር፣ የቆዳ ስፋት፣ የሕዝብ ብዛት ተመዝግቧል። የሕዝቡን ቁጥር ከትንሽ ወደ ትልቅ ስደረድረው ከላይ የመጡት ቁጥሮች ሃያ እንኳ አይሞሉም። «ይሄማ ስህተት ነው፣ የሆነ ቦታ ሦስት ዜሮ ወድቋል» ብዬ አንዱን መስመር ልሰርዘው ነበር።

ስህተት አልነበረም። ቦታዋ ግሮዴ ትባላለች። ከሰሜን ጀርመን ጠረፍ ወጣ ብላ ባሕሩ ውስጥ የተቀመጠች፣ 2.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ጠፍጣፋ መሬት ናት። ከፍ ያለ የባሕር ግድብ ስለሌላት ማዕበል በበረታ ቁጥር ግጦሹ በሙሉ በውሃ ይሸፈናል። ቤቶቹ የሚተርፉት ሰው አፈር ቆልሎ በሠራው ጉብታ ላይ ስለቆሙ ነው። በዚያ ጠረፍ እ.ኤ.አ. በ1362 እና በ1634 የተነሱት ማዕበሎች መንደሮችን ከነሰዎቻቸው ጠርገው ወስደዋል፤ በሁለተኛው ሽትራንድ የምትባል ትልቅ ደሴት ተበጣጥሳ ቀርታለች። ይቺ ቁራሽ መሬት ግን ዛሬም የራሷ ከንቲባ አላት። ምክር ቤት ለመምረጥ ሰው ስለማይበቃት፣ የመምረጥ መብት ያለው ነዋሪ ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይወስናል።

እዚህ ጋ ስደርስ ላፕቶፑን ከደንኩት። አያቴ ትዝ አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለጎብኚዎች የሚሆን አንድ ትንሽ አፕ ስሠራ ስለ ሀዋሳ አጭር ታሪክ ጻፍኩ። ትምህርት ቤት የተማርነውን ነው የጻፍኩት፦ ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. በራስ መንገሻ ስዩም አማካይነት ተቆረቆረች፤ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ ሰዎች መሬት ተሰጥቷቸው ሰፈሩባት። ከዚያ ከራሴ ጨምሬ «ቀድሞ ባዶ ሜዳ ነበረች» አልኩ። ለአያቴ በኩራት አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ እኔ የት ነው የተወለድኩት?» አለችኝ።

አያቴ ከተማዋን «ሀዋሳ» ብላ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ለእሷ ሀዋሳ ሐይቁ ነው፤ ቃሉም በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው። ከተማው ያረፈበት መሬት አዳሬ ነው። ስሙ ዛሬ የሚታየው በሆስፒታሉ ላይ ነው፤ እኛም የሆስፒታል ስም ብቻ ይመስለናል። አዳሬ ላይ ከብት ይግጥ ነበር፣ ሰውም ይኖር ነበር። ጠብ ሲነሳ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ሶንጎ ተቀምጠው ይዳኙ ነበር። ዘመን መለወጫውን ፍቼ ጨምበላላን የሚቆርጡት አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ነው። ማኅተም ስላልነበረ ብቻ ይሄ ሁሉ በእኔ አፕ ላይ «ባዶ» ሆነ።

መሬቱ ራሱ ግን ይናገራል። ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ያየ ሰው ከተማው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንደተቀመጠ ይገባዋል፤ ድሮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሰመጠ መሬት ነው። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ከላይ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለውም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ጨው መሆን ነበረበት። ያልሆነው ውሃው ከመሬት በታች እየሰረገ መውጫ ስላለው ነው። ላይ ላዩን ብቻ ብናይ መውጫ የለውም ብለን እንደመድማለን። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማው ሲገፋ ዳርቻው ላይ ግድብ ተሠራ፤ ግሮዴዎች በጉብታ የሚመክቱትን እኛም በግድብ መከትን።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ባዶ ሳጥንና ዜሮ አንድ አለመሆናቸው ነው። ዜሮ ማለት ተቆጥሮ ምንም አልተገኘም ማለት ነው። ባዶ ማለት ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። ሁለቱን ካምታታህ ሲስተሙ ይዋሽሃል። እኔ ይሄን በየቀኑ ለጀርመን መንደሮች እየተጠነቀቅኩ፣ አያቴ የተወለደችበትን ቦታ ዜሮ አድርጌ ጽፌ ነበር። ግሮዴን ከመሰረዝ ያዳነኝ ሰው ቆጥሮ መመዝገቡ ነው፤ ለአዳሬ የነበራት መዝገብ እንደ አያቴ ያሉ ሰዎች ብቻ ናቸው።

1952 ውሸት አይደለም። መንገዱ የተቀየሰበት፣ ፕላኑ የወጣበት፣ እኔም በኋላ የተወለድኩበት ከተማ መነሻ ነው። ፒያሳም ቢሆን ከጣሊያንኛ በአዲስ አበባ በኩል የመጣ ስም ሆኖ የእኔ ሰፈር ነው፤ አልክደውም። ግን ያ ዓመት የከተማው መጀመሪያ ነው እንጂ የቦታው አይደለም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አያቴ ዘንድ ሄጄ ማስታወሻ ይዤ ተቀመጥኩ። የዛፎቹን ስም፣ ከብቶቹ ውሃ የሚወርዱበትን መንገድ፣ የጎረቤቶቿን ቤት ቅደም ተከተል ነገረችኝ፤ አንዳንዱ ዛሬ አስፋልት ሥር ነው። አፑ ላይ «ባዶ ሜዳ» የሚለውን አጥፍቼ «አዳሬ ይባል ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አነበብኩላት።

«አሁንም ይባላል» አለችኝ። «ነበር»ንም አጠፋሁት።