አባቴ የተወልን ጆተኒ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ወዳጆቼ፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ሻይ ቡና እያላችሁ አንብቡት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ቡራዩ እናቴ ጓሮ ያለው የዕቃ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና ዕቃ ልናወጣ ገባን። ከአሮጌ ቆርቆሮና ከተቀዳደደ ፍራሽ ሥር ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? የአባቴን ጆተኒ! ነፍሱን ይማርና፣ አባቴ ይህን ጆተኒ ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. ከታ መንገድ ዳር አቁሞ ያጫውትበት ነበር። የእኔ ደብተር፣ የእህቴ ዩኒፎርም፣ አንዳንዴም የቤቱ በርበሬ የተገዛው ከዚያ ሳንቲም ነው። ሕጉ አንድ ነበር፦ የተሸነፈ ይከፍላል።

አሁን ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። አንዱን እግሩን ምስጥ በልቶታል። ወለሉ ውሃ ጠጥቶ መሃሉ ላይ ጉብታ ሠርቷል። ከ8ቱ ብረቶች 3ቱ ዝገው አይላወሱም። ከ22ቱ ተጫዋቾች 5ቱ የሉም፤ አንደኛው በረኛ ደግሞ ጭንቅላት የለውም።

የአክስቴ ልጅ ሱሉልታ ጌም ቤት አለው። ወሬውን ሰምቶ መጣና ዙሪያውን አየው፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ስማ፣ ብረቱን አውጥተህ ጣለው። መሃሉ ላይ ቴሌቪዥን አጋድመን እንቀብርበታለን፣ ከግራ ከቀኝ ጆይስቲክ፣ ከሥር ደግሞ የድሮ ጌሞች የተጫኑባት ትንሽ ኮምፒውተር። ውጭ አገር ሰው በዚህ ነገር አብዷል። ድካሙን ካልፈለግክም እንዳለ በ15 ሺህ ብር እወስደዋለሁ» አለኝ።

እናቴ ደግሞ ነገሩን አላንዛዛችውም። «ስጠውና ጣሪያው ይሠራበት። አባትህ እኮ እንጨት አይደለም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ የመምህር ደመወዝ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን በዲፕሎማም ቢሆን የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ «ከመፍረዳችሁ በፊት ማስረጃውን ጠይቁ» እያልኩ ልጆቹን የማሰለች ሰውዬ ራሴ ሳልጠይቅ ብሸጠው ያሳፍረኛል። አንድ ወር ስጡኝ አልኳቸው።

የጠረጴዛው ኳስ ታሪክ

እንግሊዛዊው ሃሮልድ ቶርንተን እ.ኤ.አ. በ1921 ለጠረጴዛ እግር ኳስ የፈጠራ መብት ጠይቆ በ1923 አግኝቷል። ሐሳቡ የመጣለት የክብሪት እንጨቶችን በሳጥናቸው ላይ አጋድሞ ሲያይ ነው ይባላል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላኛው ታሪክ ነው፤ የስፔኑ።

አሌሃንድሮ ፊኒስቴሬ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1936 መገባደጃ ላይ ማድሪድ በቦምብ ስትደበደብ ፍርስራሽ ተጭኖት ቆሰለ። ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በጦርነቱ የተጎዱ ልጆች ኳስ መጫወት እንዳቃታቸው ያያል። ቴኒስ ጠረጴዛ ላይ ከተቻለ እግር ኳስ ለምን አይቻልም ብሎ አሰበ። ንድፉን ለአንድ የባስክ ተወላጅ አናጢ ሰጥቶ አሠራው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1937 ባርሴሎና ላይ አስመዘገበው። ፍራንኮ ሲያሸንፍ በእግሩ የፒሬኔ ተራሮችን አቋርጦ ወደ ፈረንሳይ ሲሰደድ ግን ዝናብ ወረቀቱን አበላሸበት።

እስቲ ይህን ወደ እኛ አቆጣጠር እንመልሰው። የማድሪዱ ድብደባ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ፍራንኮን በአውሮፕላንና በወታደር ካገዙት አንዷ ፋሺስት ኢጣሊያ ናት። ይህችው ኢጣሊያ ከዚያ 6 ወር ቀደም ብላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በመርዝ ጋዝ መንገዷን ጠርጋ አዲስ አበባ ገብታለች። ጆተኒው ባርሴሎና ላይ በተመዘገበ ማግስት ባለው ወር ደግሞ የእኛ የካቲት 12 መጣ።

ይህን ሳነብ ለትንሽ ጊዜ ዝም ነው ያልኩት። «የሥራ ፈት መጫወቻ» እየተባለ አባቴ ሲሰደብበት የኖረው ነገር ጦርነት ላቆሰላቸው ልጆች የታሰበ ነው። የቆሰሉበትም ዘመን የእኛ አያቶች የቆሰሉበት ዘመን ነው።

ውጭ አገር ያሉት ምን አደረጉ?

የአክስቴ ልጅ ያለውንም ዝም ብዬ አላለፍኩትም። እሱ ያየው ሳጥን የራሱ ታሪክ አለው። አታሪ እ.ኤ.አ. በ1972 «ፖንግ»ን አወጣ። ጃፓኖቹ በ1978 «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን፣ በ1980 «ፓክ ማን»ን አስከተሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ የገንዘብ ሽልማት ያለው የጆተኒ ውድድር ሁሉ ነበር፤ እነዚህ ሳጥኖች ሲመጡ ጆተኒን ገፍተው ጥግ አስያዙት።

ሳጥኑ ቀላል ነገር ነው። ውጭው ጣውላ፣ ውስጡ ወፍራም የድሮ ቴሌቪዥን፣ የጌሙ ቦርድና የሳንቲም ሣጥን። ጌሙ ገንዘብ ማምጣት ሲያቆም ባለቤቱ ሳጥኑን አይጥለውም። ቦርዱን ነቅሎ ሌላ ይሰካል፣ ሥዕሉን ልጦ በላዩ ቀለም ይቀባበታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ጃፓኖች የሽቦውን አሰካክ አንድ ዓይነት የሚያደርግ ስምምነት አወጡ፤ ጃማ ይባላል። ከዚያ በኋላ ጌም መቀየር አምፖል እንደ መቀየር ቀለለ። በ1997 ደግሞ ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ኢጣሊያዊ ማሜ የሚባል ፕሮግራም አወጣና የድሮዎቹን ጌሞች ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ተቻለ። ሰውም የአሮጌውን ሳጥን ሆድ ዕቃ እያወጣ ኮምፒውተር ይከትበት ጀመር።

ክርክሩ እዚህ ጋ ነው። አንዱ ወገን «እንደነበረው መልሰው፣ አንድ ብሎን አትቀይር» ይላል። ሌላው «ዋናው ልጆች መጫወታቸው ነው፣ ምን አገባህ» ይላል። አስተዋዮቹ ያሉበት መሃል ላይ ነው፦ ሙሉ የሆነውንና ብርቅ የሆነውን አትንካ፤ ቀድሞ ባዶውን የቀረውን ግን እንደፈለግክ አድርገው።

የእኛስ የቱ ነው?

ቀለሙ የተናገረው

አንዱን ተጫዋች ይዤ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ፋቅሁት። ከላይ ቀይና ነጭ፤ አርሴናል ነው። አባቴ የቀባው በ1996 ዓ.ም. ነው፣ አርሴናል ሊጉን አንድም ሳይሸነፍ የጨረሰበት ዓመት፤ ቀለሙን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ከሥሩ ቡናማ ወጣ፤ ኢትዮጵያ ቡና! ተቃራኒው ቡድን ላይ ደግሞ ከማንቸስተር ቀይ ሥር የጊዮርጊስ ቢጫ አለ። ከሁሉም ሥር ምንም ያልተቀባ አሉሚኒየም።

አያችሁ? አንድ ጣት በምታክል አሻንጉሊት ላይ የሰፈራችን ታሪክ ተደራርቧል። መጀመሪያ ስም የሌለው ቡድን፣ ቀጥሎ ስታዲየም ሄደን በሬዲዮም ሰምተን የምንደግፈው፣ ከዚያ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን የምናየው። ይህን በመማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁትም።

ጆተኒውን ስገለብጠው ደግሞ ከሆዱ በቢላ የተጫረ መስመር አገኘሁ። አራት መስመርና አንድ ሰረዝ፣ አራት መስመርና አንድ ሰረዝ። የዱቤ መዝገብ ነው። የማን እንደሆነ አባቴ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ያልከፈላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ። እግሮቹ ከሳጥኑ ጋር አይሄዱም፤ ወፍራምና የተቀረጹ ናቸው። እናቴን ብጠይቃት ሳቀች። «እነሱማ የከረንቡላ ጠረጴዛ እግር ናቸው። አባትህ ከምናለሽ ተራ ተሸክሞ ነው ያመጣቸው» አለችኝ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። «በቃ! አባትህም ቀያሪ ነበር። ታዲያ እኔ ብቀይረው ምን አጠፋሁ?»

እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። «እንደነበረው» ብዬ የምከራከርለት ነገር አንድ ቀንም እንደነበረው ሆኖ አያውቅም። ሁለት ሳምንት ያህል በልቤ ለመሸጥ ወስኜ ነበር።

ሰበታ

ልቤን የመለሰው ሰበታ ነው። ልጅ ሆነን አብሮን የሚያድግ አንድ ጓደኛ ነበረን፤ ቀኝ እግሩን ፖሊዮ አስልሎታል። ጆተኒ ላይ ግን ንጉሥ ነበር። ደረቱን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አድርጎ ይቆምና ተራ በተራ ያራግፈናል። እሱ ከፍሎ የተጫወተበትን ቀን አላስታውስም። አሁን ሰበታ፣ ዓለም ገና በኩል፣ ቶርኖ ቤት ይሠራል። የዛጉትን ብረቶች በማዳበሪያ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወሰድኩለት፤ ያው ዋጋ ልጠይቅ ብዬ ነው።

አንዱን አንሥቶ በእጁ አሽከረከረው። «ይሄ ባለ አምስቱ ነው፣ የመሃሉ። ወደ ግራ ይጎትት ነበር» አለ። 20 ዓመት አልፎታል እኮ! ቀጥሎ የተናገረውን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

«ሜዳ ላይ ሁሌ ዳኛ ነበር የምታደርጉኝ። ቡድን ስትከፋፈሉ ቀድማችሁ የምትመርጡኝ አባትህ ጋ ብቻ ነበር።»

እኔም እኮ ዳኛ ካደረጉት አንዱ ነኝ። ምን እላለሁ? ዝም አልኩ። የስፔኑን ልጅ ታሪክ ግን እዚያው ቆመን ነገርኩት።

ታዲያ ምን ወሰንኩ?

ወደ ቡራዩ ስመለስ ነገሩ ተገለጠልኝ። አባቴ እግር ቀይሯል፣ ብረት ቀይሯል፣ ቀለም ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ሁሉንም የቀየረው ግን ጨዋታው እንዲቀጥል ነው። የአክስቴ ልጅ የሚለው ለውጥ ጨዋታውን የሚጨርሰው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ደግሞም «ፓክ ማን» ሳጥኑ ቢፈርስ አይሞትም፤ ፕሮግራም ስለሆነ ይገለበጣል፣ ሌላ ቦታ ይጫናል። ጆተኒ ግን ጨዋታው ራሱ እንጨቱና ብረቱ ነው። ብረቱን አውጥተህ ከጣልከው የሚገለበጥ ነገር የለም። ለአክስቴ ልጅ ይህንኑ ነገርኩት። «ሳጥን ከፈለግክ ቺፑድ ገዝተን አዲስ እንሠራልሃለን፤ ቅዳሜ እመጣና አግዝሃለሁ። ለዚያ ብለን ይሄን አንግደለው» አልኩት። አኮረፈ፣ ከዚያ መለኪያውን ላከልኝ።

እኔም ሙዚየም አላደርገውም። ምስጥ የበላውን እግር ቆርጬ በአዲስ እንጨት ቀጥያለሁ፤ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። 3ቱን ብረቶች ጓደኛዬ አዲስ አወጣልኝ፤ የእጁን ዋጋ እምቢ ብሎ የብረቱን ብቻ ነው የተቀበለኝ። የጎደሉት 5 ተጫዋቾች ከእንጨት ይሠራሉ፤ አዲስ መሆናቸው እንዲታወቅ አልቀባቸውም። የዱቤውን መዝገብ አልነካም። ያ የፋቅሁት ተጫዋች አራቱም ቀለሙ እየታየ እንዲሁ ይቆያል፤ ተማሪዎቼን አምጥቼ የማሳያቸው እሱን ነው።

እስካሁን 6,200 ብር ወጥቷል። ጣሪያውን ለጊዜው ላስቲክ አልብሰነዋል፤ የመምህራን ዕቁቤ ሲደርሰኝ ቆርቆሮ ይገዛል። እናቴ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም፤ ትክክል ልትሆንም ትችላለች።

ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። አባቴ ጆተኒውን ያቆምባት የነበረችው ቦታ ዛሬ ፎቅ ናት። በዚህ አልከፋም፤ ከተማ እንዲህ ነው። ግን ልጆቻችን አንድ ቀን «እዚህ ምን ነበር?» ሲሉን የምናሳያቸው አንድ ነገር ይኑረን።

ባለፈው እሑድ ወለሉ ሳያልቅ ሞከርነው። ኳሷ ጉብታው ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ጓደኛዬ ከሰበታ መጥቶ 5 ለ 1 አሸነፈኝ። እናቴ ከጓዳ ባዶ የወተት ጣሳ ይዛ ወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የተሸነፈ ይከፍላል» አለችኝ። «ለጣሪያው።»

እናንተስ? ከሰፈራችሁ ጆተኒ፣ ከረንቡላ፣ የድሮ ጌም የተረፈ ነገር አለ? ከመጣላችሁ በፊት አንዴ ገልብጣችሁ ከሥሩ እዩት። የአባቴ ዱቤ ያለባችሁም ጣሳው ክፍት ነው።

ሰላም ዋሉ።