ለመሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ትስስር የቋንቋ ሞዴሎች ሚና በሆሳዕናና አካባቢዋ

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም ሲመሠረት ሆሳዕና ርዕሰ ከተማው ሆናለች፤ የክልሉ ቢሮዎች ግን ዱራሜን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተደልድለዋል። በዚህም ምክንያት በአንዱ ከተማ የተመዘገበ መረጃ በሌላው ከተማ ለሚሰጥ ውሳኔ ሲያስፈልግ ማኅደሩ ከደብዳቤ ጋር በመኪና ሊጓዝ ይችላል። ይህን ምልልስ ሊያስቀሩ ከሚችሉት መንገዶች አንዱ ኤፒአይ በመባል የሚታወቀው የሥርዓቶች መገናኛ ነው።

ኤፒአይ አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት ለሌላው ጥያቄ የሚያቀርብበት፣ መልስም የሚቀበልበት በር ነው። ጥያቄው "ጥሪ" ይባላል። ጥሪው የሚላክበትን አድራሻ፣ የጠያቂውን መለያ ቁልፍና የሚፈለገውን መረጃ በተወሰነ ቅርጽ መያዝ አለበት፤ አንድ ፊደል ቢዛነፍ ተቀባዩ ሥርዓት ጥሪውን ላይቀበል ይችላል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው ቴሌብርም ሆነ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት የተጣለለት የፋይዳ መታወቂያ ከሌሎች ተቋማት ሥርዓቶች ጋር የሚገናኙት በዚሁ ዓይነት በር ነው።

እነዚህን ጥሪዎች መጻፍ የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ብዙ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ባለሙያው በተራ ቋንቋ የነገራቸውን ፍላጎት ወደ ጥሪ መቀየር ጀምረዋል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች በግንቦት 2015 ዓ.ም ያወጡት "ጎሪላ" የተሰኘ ሞዴል ለዚሁ ተግባር ተለይቶ የሠለጠነ ሲሆን፣ ኦፕንኤአይም በቀጣዩ ወር ሞዴሎቹ የውጭ ሥርዓቶችን ጥሪ በተወሰነ ቅርጽ እንዲያዘጋጁ የሚያስችል አሠራር ለባለሙያዎች አቅርቧል።

የጎሪላ ተመራማሪዎች የተነሡበት ችግር ለእኛም መሥሪያ ቤቶች የቀረበ ነው። ሞዴሎቹ የማያውቁትን ጥሪ ሲጠየቁ "አላውቅም" ከማለት ይልቅ እውነት የሚመስል ነገር ግን የሌለ ጥሪ ፈጥረው ይጽፋሉ። በዓለም ላይ በስፋት ስለሚሠራባቸው አገልግሎቶች ብዙ ጽሑፍ ስላነበቡ ስህተታቸው ያንሳል፤ ስለ አንድ የክልል ቢሮ የውስጥ ሥርዓት ግን ያነበቡት ነገር የለም። ተመራማሪዎቹ እንዳሳዩት ሞዴሉ የአገልግሎቱን የአጠቃቀም ሰነድ እየተመለከተ እንዲጽፍ ሲደረግ ፈጠራው ይቀንሳል። ስለዚህ ሰነዱ የሌለው ወይም በአንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ብቻ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ከሞዴሉ ብዙ ሊጠብቅ አይገባም።

የሌለ ጥሪ ቢያንስ ወዲያው ይታወቃል፤ ተቀባዩ ሥርዓት ይመልሰዋልና። የከፋው ተቀባይነት የሚያገኘው ስህተት ነው። ለምሳሌ በሆሳዕና አንድ የገቢ ጽሕፈት ቤት ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም የተከፈለን ግብር ወደ ሌላ ሥርዓት ያስተላልፋል እንበል። ሞዴሉ ዓመቱን 2017፣ ወሩን 5፣ ቀኑን 5 ብሎ ቢጽፍ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚሠራው ተቀባይ እንደ ሜይ 5 ቀን 2017 ያነበዋል። ክፍያው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ተመዝግቦ ግብር ከፋዩ ያልከፈለ ይመስላል፤ ስህተቱን የሚያሳይ መልእክት ግን አይመጣም። ጳጉሜን በዚህ ረገድ ትሻላለች፤ 13ኛ ወር የማያውቅ ሥርዓት ስለማይቀበላት ስህተቱ ይጋለጣል። የከተማዋ ስምም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሆሳዕና በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለምትጻፍ ሞዴሉ የመረጠው አጻጻፍ በመዝገቡ ካለው ጋር ላይገጥም ይችላል። ለቦታዎች ከስም ይልቅ የመለያ ቁጥር መጠቀም ይህን ያስቀራል።

ክፍያን የሚመለከት ጥሪ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። ኔትወርክ ተቋርጦ መልስ ሲዘገይ ፕሮግራሙ ጥሪውን ደግሞ እንዲልክ ሞዴሉ ሊጽፍ ይችላል። የመጀመሪያው ጥሪ ደርሶ ከነበረና ሁለቱ በአንድ የክፍያ መለያ ቁጥር ካልተያያዙ ከደንበኛው ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። ባለጉዳዩ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚመላለሰው ሞዴሉ ዘንድ ሳይሆን መስኮቱ ላይ ወዳለው ሠራተኛ ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ምስጢራዊ ቁልፍ ወይም የዜጎችን የመታወቂያ ቁጥር ወደ ውጭ አገር ሞዴል ማስገባትም ሌላው አደጋ ነው። ቁጥሩ አንድን ሰው የሚለይ በመሆኑ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። ሞዴሉ ጥሪውን ለመጻፍ የእውነተኛ ሰው መረጃ አያስፈልገውም፤ የሙከራ ቁጥር ይበቃዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም በይፋ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናና በሆሳዕና የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሞዴሉ የጻፈውን አንብበው የሚያርሙ ባለሙያዎችን ለማፍራት የሚያግዙ ናቸው። ሥርዓት በጨረታ የሚያሠራ ኃላፊም ከሥራ ተቋራጩ ጋር በሚፈርመው ውል ላይ ሦስት ነገሮችን ማስገባት ይችላል፦ የአጠቃቀም ሰነዱ ለመሥሪያ ቤቱ እንዲሰጥ፣ እያንዳንዱ ጥሪ በሙከራ ሥርዓት ላይ በጳጉሜን ቀናት ጭምር እንዲፈተሽ፣ የተላኩ ጥሪዎችም መዝገብ እንዲያዝ። መዝገቡ ከሌለ የውስጥ ኦዲተሩ ሁለት ጊዜ የተቀነሰውን ክፍያ የሚያገኘው ባለጉዳዩ ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው።