ሦስተኛው ብረት፦ ዓይነታቸው የተለያየ ብረቶች የሚበየዱበት ዘዴና መሙያ እንዴት ሲመረጥ ኖረ?



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ጠባብ ይመስላል። ተራ የካርቦን ብረት ከማይዝግ ብረት ጋር ሲበየድ በመካከላቸው የሚገባው መሙያ በምን ይመረጣል? በየትኛውስ የብየዳ ዘዴ? ብዙዎቻችን 309 የሚለውን ቁጥር ከሠንጠረዥ አንሥተን እናልፋለን። እኔ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ልተርክ እወዳለሁ፤ ታሪኩን የማያውቅ መሐንዲስ ሠንጠረዡ ዝም ባለበት ቦታ የሚጨብጠው ያጣልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩሲያዊው ኒኮላይ ስላቭያኖቭ እየቀለጠ በሚሞላ የብረት ኤሌክትሮድ በአርክ መበየድን በ1888 ሲያስተዋውቅ፣ ስዊድናዊው ኦስካር ኬልበርግም ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ኤሌክትሮዱን ልባስ ሲያለብሰው፣ የእኛ ጥያቄ ገና አልተወለደም ነበር። መሙያው የሚበየደውን ብረት ቢመስል በቂ ነበር። ጥያቄውን የወለደው የ1912ቱ የክሩፕ ግኝት ነው። ቤኖ ሽትራውስና ኤድዋርድ ማውረር በኤሰን ከተማ ክሮሚየምና ኒኬል የበዛበትን የማይዝግ ብረት አስመዘገቡ። ይህ ብረት ውድ ስለሆነ ፋብሪካዎች ዝገት በሚያሰጋበት ቦታ ብቻ ያኖሩታል፤ የቀረውን በርካሽ ብረት ይሠራሉ። እንግዲህ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር የግድ አለ።

የመጀመሪያው ሰፊ ፈተና የመጣው ግን ከኬሚካል ፋብሪካ ሳይሆን ከጦር ሜዳ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታንክ ጥሩር ሲበየድ፣ ከመገጣጠሚያው ጎን ያለው ጠንካራ ብረት በፍጥነት ቀዝቅዞ እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆን ነበር፤ ከኤሌክትሮዱ ልባስ እርጥበት የሚወጣው ሃይድሮጅንም ወደዚያ ሰርጎ ብየዳው ካለቀ ከሰዓታት በኋላ ይሰነጥቀዋል። ብሪታንያውያንና አሜሪካውያን ያገኙት መውጫ የማይዝግ ብረት ኤሌክትሮድ ነበር። ኦስተናይት የሚባለው የብረት መዋቅር ሃይድሮጅንን አቅፎ ይይዛል፣ በቀላሉም አያሳልፍም፤ ሲጎተትም ይለጠጣል። መሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጠው የሚበየደውን ብረት ስለማይመስል ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ኒኬልና ክሮሚየም በጦርነት ጊዜ ብርቅ ናቸው። እጥረቱ ሃይድሮጅን የማያበዛ ልባስ ያላቸውን ተራ ኤሌክትሮዶች ለማጎልበት አንዱ ምክንያት ሆነ፤ ዛሬ በየወርክሾፑ በምድጃ እየደረቁ የሚሠራባቸው ኤሌክትሮዶች የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ስሌት ልሥራ፤ ያለ እርሱ የሚቀጥለው ታሪክ አይገባም። በያጁ በእጁ የያዘው ብረትና በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚረጋው ብረት አንድ አይደሉም። አርኩ ከሁለቱም ጠርዞች አቅልጦ ይቀላቅላል፤ መሙያው ይበረዛል። 308 የሚባለው መሙያ በግምት 20 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ኒኬል አለው፤ የማይዝገው ብረት 18 እና 8፤ የካርቦን ብረቱ ምንም። ብረዛው 30 በመቶ፣ ከሁለቱም ወገን እኩል በእኩል ነው እንበል። የሚረጋው ብረት 16.7 ክሮሚየምና 8.2 ኒኬል ይኖረዋል። ይህ ተሰባሪው ማርተንሳይት ከሚጀምርበት ድንበር አጠገብ ነው። በ309 ብንሠራስ? መሙያው 24 እና 13 ስለሆነ ውጤቱ 19.5 እና 10.3 ይሆናል። የ309 ምስጢር ይኸው ነው፤ ተበርዞ 308ን ያህል እንዲቀር አስቀድሞ የበለጸገ ነው።

ይህን ለማንኛውም የብረት ጥምረት በሥዕል ያሳየው አንቶን ሼፍለር ነው። ማውረር ቀደም ብሎ ክሮሚየምንና ኒኬልን በሁለት መስመሮች ላይ አስፍሮ ነበር፤ ሼፍለር በ1949 ባሳተመው ንድፍ ሥዕሉን ለብየዳ ብረት አበጀው። ሞሊብዲነምንና ሲሊከንን ከክሮሚየም ጋር፣ ካርቦንን በ30 አባዝቶ ከኒኬል ጋር ደመረ። ሁለቱን ብረቶችና መሙያውን በነጥብ አመልክቶ በማስመሪያ ማገናኘት ብቻ ይበቃል፤ የሚረጋው ሦስተኛው ብረት በመስመሩ ላይ ይገኛል። የተፈለገው ስፍራ ኦስተናይት ከጥቂት ፌራይት ጋር የሚገኝበት ነው፤ ፌራይቱ ድኝንና ፎስፈረስን ስለሚይዝ ብረቱ በትኩሱ እንዳይሰነጠቅ ያግዛል። የንድፉ ተተኪ የሆነው የ1992ቱ ሥዕልም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል።

የብየዳ ዘዴው ምርጫ ከመሙያው ምርጫ ተነጥሎ የማይታየውም ለዚህ ነው። በእጅ የሚያዝ ልባስ ያለው ኤሌክትሮድ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይበርዛል። በዱቄት ሥር የሚሠራው ማሽን ካልተገታ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ስሌቱን በ50 በመቶ ድገሙት፤ 309 ወደ 16.5 እና 8.5 ይወርዳል። ሠንጠረዡ ትክክል፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል፣ መገጣጠሚያው ግን በ308 እንደ ተሠራው ነው። በቲግ ደግሞ ብረዛው በበያጁ እጅ ነው፤ ሽቦውን ከነፈገ መሙያ መምረጣችን ከንቱ ነው።

የሼፍለር ንድፍ የማይናገረው ነገር ጊዜን ነው። በእንፋሎት ኃይል ማመንጫዎች የፌራይት ቱቦ ከኦስተናይት ቱቦ ጋር በማይዝግ ብረት መሙያ ሲያያዝ፣ የብየዳ ፍተሻውን ሁሉ አልፎ ዓመታት ከሠራ በኋላ በፌራይቱ ወገን ባለው ድንበር ይበጠስ ነበር። ኦስተናይት ሲሞቅ ከፌራይት አንድ ሦስተኛ ገደማ አብልጦ ይለጠጣል፤ ማመንጫው በተነሣና ባረፈ ቁጥር ድንበሩ ይሳሳባል። ካርቦኑም ክሮሚየም ወደ በዛበት ወገን እየሸሸ የፌራይቱን ጠርዝ ያደክማል። ኒኬል ዋና ክፍሉ የሆነ መሙያ መስፋቱ በሁለቱ መካከል ስለሚውል፣ የካርቦኑንም ጉዞ ስለሚያዘገይ ተመራጭ ሆነ፤ ዕድሜውንም አራዘመ።

ያው መሙያ ወደ ኑክሌር ማመንጫ ገባ። በደቡብ ካሮላይና የሚገኘው የቪ ሲ ሰመር ማመንጫ ከ1984 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በጥቅምት 2000 ነዳጅ ለመቀየር ሲቆም፣ ሠራተኞች የቦሪክ አሲድ ነጭ ክምችት አገኙ። ውኃው የሾለከው የሪአክተሩ ጋን አፍ ከማይዝግ ቧንቧ ጋር በኒኬል መሙያ፣ በ82 እና በ182፣ ከተበየደበት ቦታ ነበር። መሙያው ትኩስ ውኃና ውጥረት ሲተባበሩበት ቀስ ብሎ የሚሰነጠቅ ሆኖ ተገኘ፤ ሲገነባ የተደረገው ተደጋጋሚ ጥገናም ውጥረቱን አብሶት ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ከሁሉ አስበልጬ የማስተምረው መራጮቹ ቸልተኞች ስላልነበሩ ነው። በዘመናቸው ከታወቀው ሁሉ የተሻለውን መርጠዋል።

የ182 ክሮሚየም 15 በመቶ ገደማ ነው። ተተኪዎቹ 52 እና 152 ወደ 30 በመቶ ከፍ ተደረጉ፤ ስንጥቁንም በብርቱ ተቋቋሙ። በበያጁ እጅ ግን አስቸጋሪ ሆኑ፤ ቅላጩ ዝግ ይላል፣ በተደራረቡ መስመሮች ውስጥም ጥቃቅን ስንጥቆች ይታያሉ። የአሮጌ ማመንጫዎችን መገጣጠሚያ በ52 ዝርያ ሊያለብሱ የሞከሩ ባለሙያዎች፣ ድኝ በበዛበት የማይዝግ ቧንቧ ላይ አዲሱ ብየዳ በትኩሱ ሲሰነጠቅ አዩ። መፍትሔያቸው በቧንቧው ወገን አስቀድሞ አንድ ሽፋን ማኖር ሆነ፤ ለሽፋኑ የተጠቀሙበትም የድሮዎቹን 308 እና 309 ነበር።