ከለንደን ኬፕታውን ስንት ሰዓት ነው?



ካምፓችን ላይ አውሮፕላን ባንዣበበ ቁጥር ትምህርት ይቆማል። ልጆቹ ወደ መስኮት ይሮጣሉ። ቀጥሎ ያቺ የለመድናት ጥያቄ ትመጣለች፦ «ቲቸር፣ አሜሪካ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» እኛ መምህራንም አንድ ቁጥር ሰጥተን ወደ ሰሌዳው እንመለሳለን። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ገባን። አየር ላይ ስንት ሰዓት? ከተነሱበት እስከሚደርሱበትስ ስንት ቀን?

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን አፍሪካን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጠው የለንደን–ኬፕታውን መስመር ነው። ርቀቱ በቀጥታ ሲለካ 9,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በመቶ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ጊዜው ነው።

መስመሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በአየር የጨረሱት ፒየር ቫን ራይንቬልድ እና ኩዊንቲን ብራንድ የተባሉ ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1920 ከእንግሊዝ ተነሥተው መጋቢት 20 ቀን ኬፕታውን ገቡ። አርባ አምስት ቀን ማለት ነው። አየር ላይ የቆዩት ግን 109 ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። 45 ቀን 1,080 ሰዓት ስለሆነ፣ የበረሩት ከአሥር አንድ እጁን ያህል ነው። የቀረው ጊዜ ምድር ላይ አለቀ። የመጀመሪያዋ አውሮፕላናቸው ግብፅ ውስጥ አባይ አጠገብ ተሰበረች። ሞተሮቿን ነቅለው ሌላ አውሮፕላን ላይ ገጠሙና ቀጠሉ። ሁለተኛዋ ደግሞ ቡላዋዮ ላይ ተከሰከሰች። በሦስተኛ አውሮፕላን ጨረሱት።

በ1932 ኢምፔሪያል ኤርዌይስ መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ጉዞው አሥራ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ከፊሉ መንገድም በባቡር ነበር። መንገደኛው በካርቱም፣ በማላካል፣ በጁባ፣ በኪሱሙና በናይሮቢ በኩል ያልፋል፤ ሲመሽ ወርዶ ያድራል። ከመካከላችን ስንቱ የእነዚህን ከተሞች መንገድ በእግሩና በጭነት መኪና ያውቀዋል!

ግንቦት 2 ቀን 1952 ኮሜት የተባለችው ጄት 36 መንገደኞች ጭና ከለንደን ወደ ጆሃንስበርግ በረረች። ሮም፣ ቤይሩት፣ ካርቱም፣ ኢንቴቤና ሊቪንግስተን እያረፈች ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ደረሰች። በ1954 ግን ሁለት ኮሜቶች አየር ላይ ተሰባብረው ባሕር ውስጥ ወደቁ። ሲመረመር የብረቱ አካል ከመደጋገም የተነሣ ደክሞ መሰንጠቁ ታወቀ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ጄቶች ከዚያ ስህተት ተምረዋል። ዛሬ ከለንደን ኬፕታውን ያለ ማረፊያ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

እንግዲህ ወደ ልጆቹ ጥያቄ እንመለስ። የእኛም ጉዞ እንደ 1920ው ነው። በረራው የሰዓታት ነው፤ ፕሮሰሱ፣ ኢንተርቪው፣ ሜዲካሉና መጠበቁ ግን ዓመታት ይወስዳል። አንዳንዱም ስሙ ሳይጠራ ይቀራል። ይህንን ለልጆች መደበቅ አያስፈልግም። ግን ያንንም እንንገራቸው፦ ያ በረራ የተጠናቀቀው አየር ላይ በተሠራው ብቻ አይደለም፤ መሬት ላይ ሞተር ሲፈታና ሲገጠም በዋለውም ጭምር ነው። ለእኛ ያ ሥራ ይህ ክፍል ነው።

ለተማሪዎች፦ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 9,650 ኪሎ ሜትር በስንት ሰዓት ይጨርሳል? መልሳችሁ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ካነሰ፣ ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ጽፋችሁ ለመምህራችሁ ስጡ።